የበረዶ መህር

ኹርሲ «በአራት ዓመት ይመልሳል» ሲባል የሰማችው ከግቢዋ ግንብ ሥር፣ ከበርሜል ውሃ እየቀዳች ሳለ ነው። ገና ማለዳ ነበር፤ የድሬ መጋላ ሰፈር ቆርቆሮ እንኳ መጋል አልጀመረም። ከግንቡ ማዶ የሟች ባሏ ወንድም ዒጋል በረንዳው ላይ ተቀምጦ ከሐረሩ ነጋዴ ከአብዲቃድር ጋር ሻይ በወተት ይጠጣል። የአብዲቃድር ሶማልኛ ከሰላምታ ስለማያልፍ ሁለቱ የሚነጋገሩት በአማርኛ ነው፤ ዒጋል ደግሞ አማርኛ ሲናገር ደንቆሮ የሚያናግር ይመስል ድምፁን ከፍ ያደርጋል። እኛ ጎረቤቶቹ ስንት ምስጢሩን የሰማነው በዚህ ጠባዩ ነው። «ላንዱ አክሲዮን መቶ ሰማንያ ብር ትከፍላለህ» ይላል፣ «እሱ በዓመት አርባ አምስት ይሰጥሃል። በአራት ዓመት ይመልሳል። ገንዘብህ ኪስህ ገባ፣ ከዚያ ወዲያ እንደ ልብህ ብላ። ድሬ ውስጥ በአራት ዓመት የሚመልስ ምን አለ? ግማሹን አንተ ክፈል፣ ግማሹን እኔ። ዛሬ ከአሱር ሶላት በኋላ ኹርሲ ትፈርማለች።» ጣሳው ሞልቶ ውሃው ኹርሲ እግር ላይ ፈሰሰ። ያው ዒጋል፣ ስለዚያው አክሲዮን፣ ባለፈው ሳምንት ለእሷ የነገራት ግን አስራ ስምንት ዓመት ብሎ ነው።

ነገሩ የሚያስቸግር አይደለም። በእኛ ሰፈር ሰው ቤት ገዛ ሲባል የሚጠየቀው ዋጋው ብቻ አይደለም፤ ወዲያው «በስንት ዓመት ይመልሳል?» ይባላል። አምስት መቶ ብር የወጣበት ክፍል በዓመት ሃምሳ ብር ከተከራየ በአስር ዓመት ይመልሳል። ሃያ አምስት ብቻ ከተከራየ ግን ሃያ ዓመት ነው፣ ገዢው ተሸውዷል። ይህን አትክልት ሻጯም ታውቀዋለች። የኹርሲ ንብረት ደግሞ ቤት ሳይሆን አስራ ሁለት የበረዶ ፋብሪካ አክሲዮን ነው። ባሏ ዒሴ፣ አላህ ይዘንለትና፣ ሲያገባት በወርቅ እሰጥሻለሁ ያለውን የጋብቻ መህር የከፈላት ፋብሪካው ሲቋቋም በገዛው በዚያ ወረቀት ነው። ያኔ ያልሳቀችባት ሴት የለችም። መህርሽ በረዶ ነው አሉ፣ በይ ፀሐይ እንዳያገኘው እያልን ስንት ጊዜ አብሽቀናታል። ዒሴ ሃይማኖተኛ ሰው ነበር። የአክሲዮኑ ትርፍ በዓመት አንዴ የሚከፈለው በባንክ መስኮት ስለሆነ፣ ከባንክ የወጣ ብር ወለድ ነው፣ ወለድ ደግሞ ቤቴ አይገባም አለ። መጀመሪያ የመጣውን መቶ ሃያ ብር ለወንድሙ ለዒጋል ሰጠና ስድስት ጆንያ ተምር ገዝተህ ረመዳን ላይ ለድሃ አከፋፍል አለው። ከዚያ ወዲህ፣ ዒሴ ከሞተም በኋላ፣ ብሩን የሚቀበለው ዒጋል ነው፤ በየረመዳኑም ስድስት ጆንያ ተምር ከጅቡቲ ባቡር ይወርዳል። እኛም በልተናል፣ ምን እንዋሻለን።

ኹርሲ አርባ አምስት ብር የሚባል ነገር በጆሮዋ ሰምታ አታውቅም። የምታውቀው ስድስቱን ጆንያ ነው። ስድስት ጆንያ መቶ ሃያ ብር ነው፣ ለአስራ ሁለት ሲካፈል ላንዱ አክሲዮን አስር ብር ይደርሰዋል። ዒሴ ሲገዛው አንዱ መቶ ብር ነበርና በአስር ዓመት ይመልስ ነበር ማለት ነው። ዛሬ ዋጋው መቶ ሰማንያ ገብቷል፣ ተምሩ ግን ያው ስድስት ጆንያ ነው። አስራ ስምንት ዓመት ሆነ። ዒጋልም ባለፈው ሳምንት ትራሱን ተደግፎ የነገራት ይህንኑ ነው፤ ዋጋው ሸሸ፣ ትርፉ ባለበት ቆመ፣ አስራ ስምንት ዓመት ቁጭ ብሎ የሚጠብቅ ቂል አግኝቼልሻለሁና ሳይነቃ ሽጪለት፣ በብሩ ቤት ትገዣለሽ አላት። እሷም በጣቷ ቆጥራ ልክ ሆኖ ስላገኘችው እሺ አለች። ሒሳቧ ልክ ነበር። የዋሸው ተምሩ ነው።

ኹርሲን የምናውቅ ሰዎች ያን ጠዋት ግንቡን ዘላ በረንዳው ላይ ትወርዳለች ብንል አይፈረድብንም። ስሙኒ አጎደለብኝ ብላ የጋሪ ፈረስ ልጓም ይዛ መንገድ የዘጋች ሴት ናት። ያን ቀን ግን ድምፅዋ አልተሰማም። ደሟ ጭንቅላቷ ላይ ወጥቶ እንደነበር ኋላ ራሷ ነግራናለች፤ አሁን አፌን ብከፍት ስድብ ብቻ ነው የሚወጣኝ፣ ስድብ ደግሞ እሱ ይችለዋል ብዬ ዝም አልኩ አለችን። ከጅቡቲ የመጣ የሽቲ ጨርቅ የምትሸጥባትን አንድ በር ሱቅ ሳትከፍት ገርበሳሯን ተከናንባ ወጣች። ከበር ላይ የዒጋልን ሚስት ሀዎን አገኘቻት። ሀዎ የወተት ጣሳ ይዛ ነበር። ወዴት ነው ስትላት ኹርሲ ከወንዙ ማዶ፣ ከዚራ አለቻት። ሁለቱ ሴቶች ተያዩ። እነዚህ ሁለት ሰዎች በአንድ ግንብ ተለያይተው ስንት ዓመት ሲኖሩ ክፉም ደግም ተነጋግረው አያውቁም። ዒሴ ሲሞት በወጉ መሠረት ዒጋል ኹርሲን ላግባት ብሎ እሷ እምቢ ስላለች ሀዎ በሆዷ ታመሰግናታለች፤ ምስጋናውን ግን በአፏ ተናግራው አታውቅም። ያን ጠዋትም ከዚራ ምን አለሽ አላለቻትም። መንገድ ለቀቀችላትና ወተቷን ይዛ ገባች።

የደጫቱ ወንዝ ደርቆ አሸዋው ላይ ሴቶች ከሰል ዘርግተዋል፣ ግመሎች ጥላ ፍለጋ ከድልድዩ ሥር ተኝተዋል። የጋሪ ነጂው ስሙኒ ሲላት በእግሬ እሄዳለሁ ብላ አሸዋውን አቋርጣ ተሻገረች። ከዚራ ስትደርስ ሌላ አገር የገባች ያህል ነው፤ ዛፉ፣ ጥላው፣ የባቡር ሠራተኞች ቤት አበባ፣ በነጭ ቁምጣ ሳይክል የሚነዱት ፈረንጆች። የበረዶ ፋብሪካው ከመንገዱ ዳር ነው። ከኋላ በር ጋሪዎች ተሰልፈው በጆንያና በመጋዝ ብናኝ የተሸፈነ በረዶ ይጭናሉ፤ ከጎናቸው የሶዳ ሣጥን እስከ ጣሪያ ተደርድሯል። ኹርሲ ቆም ብላ ሣጥኖቹን አየቻቸው። ይህ ሁሉ ጠርሙስ ዒሴ በነበረ ጊዜ አልነበረም። ያኔ የሚሸጠው በረዶ ብቻ ነው፣ የሚገዛውም ሥጋ ቤትና ሆቴል። አሁን ድሬ ውስጥ ሶዳ የማይጠጣ ሰው ማን አለ? ባቡሩ ላይ ይሸጣል፣ ሰርግ ላይ ይቀርባል፣ እሷ ራሷ ለደንበኛ ታስመጣለች። አስር ብር ትርፍ ብቻ? አለች ለራሷ፣ በሶማልኛም አንድ ነገር ጨመረችበት፤ እሱን እዚህ አልጽፈውም።

ቢሮው ውስጥ ዲሪዬ የሚባል ጸሐፊ የጣሪያ ማራገቢያ ሥር ተቀምጧል። ቀና ብሎ ሳያይ በረዶ በኋላ በር ነው አላት። በረዶ አልፈልግም፣ አስራ ሁለት አክሲዮን አለኝ አለችው። ያኔ ቀና አለ። ቀልድ መስሎት ፈገግ አለ፣ ስሟን ጠየቃት፣ መዝገቡ ላይ አግኝቶ ወንበር ሳበላት። ደግ ልጅ ነው፣ ለማንም አስረዳ ቢባል ደስ የሚለው ዓይነት። ትርፉ በየዓመቱ ጉባኤ ላይ በድምፅ እንደሚነበብ፣ ባለአክሲዮን የሆነ ሁሉ እንደሚጋበዝ፣ የእሷ ወኪል ዒጋልም ቀርቶ እንደማያውቅ፣ እንደውም ሶዳው ቀዝቃዛ አይደለም ብሎ የሚጣላው እሱ እንደሆነ ነገራት። እሷ ዋጋውንና ትርፉን ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ ንገረኝ አለችው። በመጀመሪያው ዓመት ዋጋው መቶ፣ ትርፉ አስር ብር ነበር። ጎርፍ የገባ ዓመት የበረዶ መኪናው ጭቃ ውስጥ ስለከረመ ትርፉ ሦስት ብር ወርዶ ሰው በዘጠና ብር ይሸጥ ነበር። የሶዳ መኪናው ሲመጣ ትርፉ ሃያ ብር ሆነ፣ ዋጋው ደግሞ መቶ ሃያ። ዘንድሮ አርባ አምስትና መቶ ሰማንያ ነው።

እሱ ሲነግራት እሷ በሆዷ እያካፈለች ነበር። አስር ዓመት። የጎርፉ ዘመን ሠላሳ ዓመት። ከዚያ ስድስት፣ አሁን አራት። ገርሟት ደግማ ቆጠረችው። ዋጋው ወደ ላይ ሲወጣ ዓመቱ ወደ ታች እየወረደ ነው፤ ኪራዩ አራት እጥፍ የሆነ ቤት በድሮው ዋጋ ላይ ትንሽ ጨምረው ሲጠይቁህ እንደማለት ነው። ተወደደ ያሏት ዕቃ ረክሷል። ታዲያ ለምን በመቶ ሰማንያ ይሸጣል ብላ ጠየቀችው። ዲሪዬ ሳቀ። የሚሸጥ ሰው የታለና፣ ዋጋው አንድ ግሪክ ካቻምና አገሩ ሊገባ ቸኩሎ የሸጠበት ነው፣ ከዚያ ወዲህ የተሸጠ የለም አላት። ቀጠለና፣ በዚህም አትታለይ፣ የጎርፉን ዓመት ትርፍ አይተው ሠላሳ ዓመት ማን ይጠብቃል ብለው የሸጡ ሰዎች ዛሬ እጃቸውን ይነክሳሉ፣ አርባ አምስቱም ለከርሞ አርባ አምስት ነው ብሎ የፈረመ የለም፣ ነገ ሌላ ሶዳ ቤት ቢከፈት ይቀንሳል፣ አንድ ዓመት አይቶ መፍረድ አያዋጣም አላት። ኹርሲ አመሰገነችው። ለሚቀጥለው ጉባኤ መጥሪያው በዒጋል ሳይሆን በእኔ ሱቅ ይምጣ ብላው ወጣች።

ከፋብሪካው ፊት ለፊት ዛፍ ሥር ከተቀመጠች ሻጭ አንድ ሶዳ በአስራ አምስት ሳንቲም ገዛች። የራሷን ሶዳ በራሷ ገንዘብ ስትጠጣ ሳቋ መጣ፣ ወዲያው ግን እንባዋ ቀደመው። ብሩ ብቻ አይደለም ያናደዳት። ዒሴ ከሞተ ወዲህ እህል ቀምሳ ያላደረችባቸው ቀኖች ነበሩ፤ ያኔ ዒጋል ሁለት ኪሎ ስኳር ልኮላት በሰው ፊት አመስግናዋለች። የወንድሜ ሚስት ናት፣ አልጥላትም ሲል የመስጊዱ ጀማ መርቆታል። ያ ሁሉ ምርቃት ከእሷ ከረጢት የወጣ ነው። ደግሞ አንድ ነገር ትዝ አላት። በጎርፉ ዓመት የሦስት ብር ትርፍ ለአስራ ሁለት አክሲዮን ሠላሳ ስድስት ብር ነው፤ ሁለት ጆንያም በቅጡ አይገዛም። ያን ረመዳን ግን ስድስት ጆንያ ተምር መጥቷል፤ እሷ ራሷ ናት ያራገፈችው። ዒጋል ከኪሱ ጨምሯል ማለት ነው። ይህ ነገር ንዴቷን አላበረደውም፣ ግን አስቸገራት። ሌባ ነው ብላ እንዳትገላገለው አደረጋት። ጠርሙሱን መልሳ ተነሳች።

ከቀትር በኋላ አሱር ተሰግዶ ሲያበቃ የዒጋል ሳሎን ተሰናድቶ ነበር። ፍራሹ ዙሪያውን ተነጥፏል፣ ራዲዮኑ በዳንቴል ተሸፍኗል፣ መሐል ላይ በበረዶ የቀዘቀዘ ውሃ በጆግ ተቀምጧል። ዒጋል በላይኛው ቦታ፣ አብዲቃድር ከጎኑ፣ ለምስክርነት የተጠሩት ሼህ ሙመድ ከመስኮቱ ሥር ነበሩ። ወረቀቱ ተጽፎ፣ የጣት ቀለሙ ክዳኑ ተከፍቶ ይጠብቃታል። ኹርሲ ገብታ ሰላም ብላ ከበሩ አጠገብ ተቀመጠች። የሙቀቱ ወሬ ተወራ፣ የባቡሩ መዘግየት ተወራ፣ አብዲቃድር የሐረር አየር ይሻላል አለ። ዒጋል ወረቀቱን ገፋ ሲያደርግላት ግን እጇን አልዘረጋችም። መጀመሪያ ወደ ሼሁ ዞራ፣ ዒሴ ስለዚህ ትርፍ ጠይቆዎት ነበር ወይ፣ የበረዶ ፋብሪካ ትርፍ ወለድ ነው ብለውታል ወይ ብላ ጠየቀች። ሼህ ሙመድ ጢማቸውን ይዘው ትንሽ አሰቡ።

«ዒሴ የጠየቀኝ ባንክ ስለተቀመጠ ብር ነው» አሉ። «ያ ወለድ ነው ብዬዋለሁ። በረዶ ሠርቶ መሸጥማ ንግድ ነው። በየትኛውም መስኮት ቢከፈል ንግድን ሐራም የሚል ማን ነው?»

ዒጋል ይህን ነገር ዛሬ ማንሳት ምን አስፈለገ፣ ሰውየው መንገደኛ ነው፣ ፈርሚና ይሂድ አለ። ድምፁ ከፍ ብሎ ነበር። ኹርሲ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነው የተናገረችው፤ ከግቢው ሆነን ጆሯችንን ብናቀናም ገሚሱ አምልጦናል፣ የቀረውን ሀዎ ናት የሞላችልን። በስንት ዓመት ይመልሳል አልከኝ አለችው። አስራ ስምንት አላልከኝም? ብያለሁ አለ። ለአብዲቃድርስ ስንት አልከው? አብዲቃድር ቆቡን ያስተካክል ጀመር። ዒጋል የሼሁን ፊት አየ፣ የእሷን አየ፣ ከዚያ ማንም ያልጠበቀውን መልስ ሰጠ። ወንድሜ ስድስት ጆንያ አለኝ፣ እኔ ስድስት ጆንያ ገዛሁ፣ አንድ ዓመት አላጎደልኩም፣ ትርፉ ባነሰ ጊዜ ከኪሴ ሞልቻለሁ፣ ስድስት ያለው እሱ ነው አለ። እውነቱን መሆኑ ነው የሚያስገርመው። ሰውየው በዚህ ቃል ላይ ተደላድሎ ሲተኛ የኖረ ነው።

«ስድስት ያለው ያንዱ ትርፍ አስር ብር በነበረ ጊዜ ነው» አለች ኹርሲ። «የጎርፉን ዓመት አልረሳሁልህም፤ ከኪስህ ያወጣኸውን ቀንሰን፣ የቀረውን እዚሁ ሼሁ ፊት ሌላ ቀን እንተሳሰባለን። ዛሬ የመጣነው ለሽያጭ ነው፣ እኔም እሸጣለሁ። አስራ ስምንት ዓመት ያልከው አንተ ነህ። ያንዱ ትርፍ አርባ አምስት ነው። አርባ አምስትን አስራ ስምንት ጊዜ ቁጠር፤ ስምንት መቶ አስር ብር ነው። ስምንት መቶ አስር ላንዱ ክፈለኝና ጣቴን ልንከር።»

ዒጋል አብደሻል አላት። ሼህ ሙመድ ወደ መስኮቱ ዞረው ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ ሀዎ ሳቃቸውን ሲደብቁ ነው ብላለች፣ እኛ አላየንም። አብዲቃድር ግን ነጋዴ ነው። ወደ ፊት ጠጋ ብሎ፣ እህቴ እኔ በዚህ ቤት ጉዳይ የለሁበትም፣ አሁኑኑ አራት መቶ ሃምሳ ላንዱ እሰጥሻለሁ፣ በአስር ዓመት ቢመልስልኝም ይበቃኛል አላት። ዒጋል እንደተመታ ሰው ዞር ብሎ አየው። ከጠዋት ጀምሮ መቶ ሰማንያም በዛ እያለ ሲከራከረው የነበረው ሰው ነዋ። ኹርሲ በጣቷ ቆጠረች። አራት መቶ ሃምሳ ብር በአስራ ሁለት፣ መጋላ ውስጥ ግቢ ሙሉ ቤት ይገዛል። እንዳማራት አልደበቀችንም።

«ዋጋዬን ሰምተሃል» አለችው። «አንተ ይህን ያህል ከፈለግከው እኔም እፈልገዋለሁ።» ተነስታ የቀለሙን ክዳን ራሷ ዘጋችና ወጣች።

ግቢው ውስጥ እንደ አጋጣሚ የተቀመጥን መስለን ተደርድረን ነበር። አንዷ እንደ ልማዷ በረዶው ቀለጠ ወይ አለቻት። ኹርሲ ዞር ብላ አየቻት። በዓመት አርባ አምስት ብር እያንጠባጠበ ይቅለጥ፣ ችግር የለም አለች፤ ሳቅን። ከዚያ የሱቋን በር ከፈተች፣ ሽቲዎቿን በረንዳው ላይ ሰቀለች፣ ሊመሽ ሲል ሁለት ደንበኛ መጣላት። አንዷን በዋጋ ስትጨቃጨቅ ሰማናት፣ ድምፅዋ ተመልሷል።

ፀሐይ ስትገባ ሀዎ መጣች። በግንቡ በኩል ሳይሆን በበሩ ነው የመጣችው፣ በእጇም ከሳሎኑ የተረፈ በረዶ በጎድጓዳ ሳህን ይዛ ነበር። ሱቁ ደፍ ላይ ከኹርሲ ጎን ተቀመጠች። ሁለቱም በረዶውን እየቆረጡ አፋቸው ውስጥ ከተቱ። ኋላ ሀዎ ተምሩን በየዓመቱ ለድሃ የምሰፍረው እኔ ነበርኩ አለች። አውቃለሁ አለች ኹርሲ። ከዒጋል ሳሎን ራዲዮኑ ከፍ ብሎ ይሰማ ነበር።

«አባዮ፣ እህቴ» አለች ሀዎ በመጨረሻ፣ «በዘንድሮው ትርፍ ሃያ ሰባት ጆንያ ይገዛል። ሰፍሬ የምጨርሰው አይደለም። ረመዳን ላይ ስንት ጆንያ ልጠብቅ?»

«ስድስት» አለቻት ኹርሲ። «ስድስቱ ዒሴ ቃል የገባው ነው፣ አይነካም። ሌላው የኔ መህር ነው፣ እበላዋለሁ።»